720,720፦ ስለ አንድ ትልቅ ቁጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ ዕቁብ የሚጥል፣ ቀፊራ ገበያ ዕቃ በካርቶን የሚረከብ፣ ልጁን ለፈተና የሚያስጠና ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛል፦ «ይህ ቁጥር ለስንት ሰው እኩል ይደርሳል?» ይህን ጥያቄ ከሥሩ ለመረዳት ከ720,720 የተሻለ ቁጥር ማግኘት ይከብዳል። መጠኑ በእጅ ለመሥራት አያስቸግርም፤ በውስጡ ያለው ግን ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ከአንድ መስመር ይወጣሉ፦

720,720 = 2⁴ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13

ይህን መስመር ወረቀት አናት ላይ ጻፉትና እያያችሁ አንብቡ።

ቁጥሩ ምን ልዩ ነገር አለው?

ከ1 እስከ 16 ላሉት ቁጥሮች በሙሉ ያለ ቀሪ የሚካፈል ትንሹ ቁጥር ነው። በትምህርት ቤት አጠራር የ1፣ 2፣ 3 … 16 ትንሹ የጋራ ብዜት ይባላል። ዕጣ የወጣለት ሰው 720,720 ብር እንዲወስድ የታሰበ ዕቁብ ቢኖር፣ አባላቱ 16 ከሆኑ እያንዳንዱ 45,045 ብር ይጥላል። 15 ከሆኑ 48,048፣ 14 ከሆኑ 51,480፣ 13 ከሆኑ 55,440፣ 12 ከሆኑ 60,060፣ 11 ከሆኑ 65,520 ብር ነው። አንድም ቦታ ሳንቲም አይተርፍም፤ የዕቁቡ ዳኛ የሚያጠጋጋው ነገር የለም።

17 ላይ ለምን ይሰናከላል?

17 ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ነው፤ ከላይ ባለው መስመር ውስጥም የለም። 720,720 ለ17 ሲካፈል 42,395 ደርሶ 5 ይቀራል። ይህ ማለት ግን ከ16 በላይ ያለው ሁሉ አይሆንም ማለት አይደለም። ለ18፣ 20፣ 21፣ 22፣ 24፣ 26፣ 28 እና 30 ይካፈላል። ከ1 እስከ 30 ባሉት ውስጥ የማይሆኑት ስድስት ብቻ ናቸው፦ 17፣ 19፣ 23፣ 25፣ 27 እና 29።

እነዚህ ስድስቱ የሚወድቁበት ምክንያት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። 17፣ 19፣ 23 እና 29 የወደቁት ጭራሽ መስመሩ ውስጥ ስለሌሉ ነው። 25 የወደቀው ሁለት 5 ስለሚፈልግና እኛ አንድ ብቻ ስላለን፣ 27 ደግሞ ሦስት 3 ስለሚፈልግና ሁለት ብቻ ስላለን ነው። «ለ5 ከተካፈለ ለ25ም ይካፈላል» የሚለው አካሄድ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት 32 (አምስት 2 ይፈልጋል)፣ 49 (ሁለት 7 ይፈልጋል) እና 100 (ሁለት 5 ይፈልጋል) አይሆኑም።

የ100 ነገር ብዙ ሰው ያስገርማል። ይህ ለ16 ሰው ፍጹም እኩል የሚደርስ ገንዘብ በመቶ ብር ኖት ብቻ መቆጠር አይችልም። 720,720 ብር በባለ 200 ኖት ቢቆጠር 3,603 ኖት ሆኖ 120 ብር ይቀራል፤ እሱም አንድ መቶና ሁለት አስር ነው። በአስር ብር ብቻ ከሆነ ግን ልክ 72,072 ኖት ይሆናል።

17ንም ማስገባት የሚፈልግ ቁጥሩን በ17 ያባዛውና 12,252,240 ያገኛል። ያ ቁጥር ለ17 ብቻ ሳይሆን ለ18ም ይሆናል፤ 19ን ግን አያልፍም።

ከ1 እስከ 16 ያሉትን ዝም ብዬ ባባዛቸውስ?

20,922,789,888,000 ይመጣላችኋል። እሱም ለሁሉም ይካፈላል፤ ትንሹ ግን አይደለም። ስህተቱ አንዱን ነገር ደጋግሞ መቁጠር ነው። 16 ውስጥ አራት 2 ካለ፣ ለ2፣ ለ4 እና ለ8 ሌላ 2 መጨመር አያስፈልግም፤ በ16 ውስጥ ተጠቃለዋል።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ከ16 የማይበልጡትን ብቸኛ ቁጥሮች ጻፉ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13። ለእያንዳንዳቸው፣ ራሱን በራሱ እያባዛችሁ ከ16 ሳታልፉ የምትደርሱበትን ትልቁን ቁጥር ውሰዱ። ለ2 ይህ ቁጥር 16 ነው፤ ለ3 ደግሞ 9 ነው፤ ሌሎቹ በራሳቸው ይቆማሉ። ከዚያ 16 × 9 × 5 × 7 × 11 × 13 ማባዛት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ እስከ 15 ላሉት 360,360 ይበቃል። እጥፍ እንዲሆን ያስገደደው 16 ብቻውን ነው፤ ምክንያቱም 360,360 ውስጥ ያለው 2 ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ብቸኛ አካፋዮቹን ያለ ካልኩሌተር እንዴት ላውጣ?

መጀመሪያ አጻጻፉን ተመልከቱ፤ 720 ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ሦስት አሃዝ እንዲህ ሲደገም ቁጥሩ ምንጊዜም የዚያ ሦስት አሃዝና የ1,001 ብዜት ነው። ስለዚህ 720,720 = 720 × 1,001። 1,001 ደግሞ 7 × 11 × 13 ነው። ማንኛውም እንዲህ የተደገመ ቁጥር፣ 358,358 ይሁን 914,914፣ ለ7፣ ለ11 እና ለ13 የሚካፈለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድግግሞሹን ያላስተዋለ ሰው በደረጃ ይውረድ፦ ለ2 ሲካፈል 360,360፣ 180,180፣ 90,090፣ 45,045። ይህ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ ወደ 3 ይታለፋል፦ 15,015፣ ከዚያ 5,005። ለ5 ሲካፈል 1,001። ለ7 ሲካፈል 143። ለ11 ሲካፈል 13፤ እሱም ብቸኛ ስለሆነ እዚያ ይቆማል። ብዙ ሰው የሚስተው 1,001 ላይ ሲደርስ ነው። ለ2፣ ለ3 እና ለ5 ስለማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ይመስላል። 143ም እንዲሁ ያታልላል።

ስንት አካፋይ አለው?

240። መዘርዘር አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ራስጌ በትንሹ የሚጻፈውን አርቢ ወስዳችሁ 1 ደምሩበትና አባዙ፦ (4+1) × (2+1) × (1+1) × (1+1) × (1+1) × (1+1) = 5 × 3 × 16 = 240። 1 የሚደመረው ለምንድን ነው? አንድ አካፋይ ስትሠሩ 2ን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ጨርሶ አለመውሰድም አንድ ምርጫ ነው። ስለዚህ አምስት ምርጫ አለ። 1 መደመሩን የረሳ ሰው 8 ብቻ ያገኛል፤ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ላይ አርቢ ስላላየ «ምንም የላቸውም» ብሎ የተዋቸው ደግሞ 15 ያገኛል። አርቢ ካልተጻፈ 1 ነው።

ከ240ዎቹ ውስጥ ኢ-ተጋማሾቹ 48፣ ተጋማሾቹ 192 ናቸው። (2ን ጨርሶ ካለመውሰድ የሚመጡት ናቸው ኢ-ተጋማሾቹ፤ 3 × 16 = 48።)

ሁሉንም መዘርዘር ግድ ከሆነ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ጻፉ፦ 1 ከ720,720፣ 2 ከ360,360፣ 3 ከ240,240 ጋር እያላችሁ። 849 × 849 = 720,801 ስለሚሆንና ቁጥሩን ስለሚያልፍ፣ ከ848 በላይ መፈለግ አያስፈልግም። 120 ጥንድ ላይ ስትደርሱ ጨርሳችኋል። የመጨረሻውና እጅግ ተቀራራቢው ጥንድ 840 እና 858 ነው። የሁለቱ አማካይ 849 ስለሆነ ቁጥሩ 849² − 9² ተብሎም ይጻፋል፦ 720,801 − 81።

840 × 858 በእርግጥ 720,720 እንደሚሆን በእጅ እንዴት ላረጋግጥ?

በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ በሚታወቀው ዘዴ ይሞከር፤ ከእጥፍና ከግማሽ በቀር ምንም አይፈልግም። በአንድ ወገን 840ን እያጋመሳችሁ ውረዱ፣ ግማሽ ከተረፈ ጣሉት። በሌላው ወገን 858ን እጥፍ እያደረጋችሁ ውረዱ፦

840 — 858
420 — 1,716
210 — 3,432
105 — 6,864
52 — 13,728
26 — 27,456
13 — 54,912
6 — 109,824
3 — 219,648
1 — 439,296

በግራ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ያዙ፦ 105፣ 13፣ 3 እና 1። የቀኞቻቸው ድምር 6,864 + 54,912 + 219,648 + 439,296 = 720,720 ነው። ዘዴው የሚሠራው 840 የ8፣ የ64፣ የ256 እና የ512 ድምር ስለሆነ ነው፤ የተጣሉት መስመሮች በዚህ ድምር ውስጥ የሌሉት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ተጋማሽ መስመር ሳይሰረዝ ሲደመር ነው፤ ስለዚህ ከመደመራችሁ በፊት መስመሮቹን በእርሳስ ሰርዙ።

በግዕዝ ቁጥር እንዴት ይጻፋል?

፸፪፼፯፻፳። ሰባ ሁለት እልፍ፣ ሰባት መቶ ሃያ ማለት ነው። እዚህ ጋ የሚያምር ነገር አለ። በተለመደው አጻጻፍ ዓይን የሚስበው ድግግሞሽ በግዕዝ ጠፍቷል። የተለመደው አጻጻፍ በሺህ፣ ማለትም ሦስት ሦስት አሃዝ እያደረገ ይቧድናል፤ ግዕዝ ግን በመቶና በእልፍ፣ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገ ይሄዳል፦ 72፣ 07፣ 20። ዜሮ የሚባል ምልክትም የለውም፤ ስለዚህ ስድስት አሃዝ የነበረው ቁጥር አሁንም ስድስት ምልክት ቢኖረውም፣ ምልክት በአሃዝ አይገጥምም። ድግግሞሹ የአጻጻፉ እንጂ የቁጥሩ ጠባይ አይደለም ማለት ነው። 2⁴ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13 ግን በየትኛውም አጻጻፍ አይለወጥም።

የሐረርን ቁጥሮች ብናካፍልበትስ?

ጥሩ መለማመጃ ነው። ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ከጥንት የሚታወቁት በሮቿ 5 ናቸው፤ 720,720 ለ5 ሲካፈል 144,144። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች እንዳሏት ገልጿል። 82 = 2 × 41 ነው፤ 41 መስመሩ ውስጥ ስለሌለ አይሆንም፣ 22 ይቀራል። 102 = 2 × 3 × 17 ነው፤ 2 እና 3 አሉ፣ 17 ግን ያግደዋል፣ 90 ይቀራል። ወደ ድሬዳዋ ስንመጣ፣ የድሮው ባቡር ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1,435 ነው። 1,000 ሦስት 5 ስለሚፈልግ፣ 1,435 ደግሞ 5 × 7 × 41 ስለሆነ ሁለቱም አይሆኑም። መልሱን ለማወቅ አንዱንም ማካፈል እንዳላስፈለገ ልብ በሉ።

720,720 ደቂቃ ስንት ነው?

12,012 ሰዓት፣ ማለትም 500 ቀን ተኩል። ግማሹ የመጣው የቀን 1,440 ደቂቃ አምስት 2 ስላለውና የእኛ ቁጥር አራት ብቻ ስላለው ነው። ቀን ከሆነ ደግሞ ከ1,973 ዓመት ይበልጣል። አንዱ በየቀኑ፣ ሌላው በየ2 ቀኑ፣ እንዲሁ እስከ በየ16 ቀኑ ተራ የሚደርሳቸው አሥራ ስድስት ሰዎች ዛሬ አብረው ቢጀምሩ፣ ሁሉም እንደገና በአንድ ቀን የሚገናኙት ያን ያህል ቆይተው ነው።

«720,720» ብዬ ስጽፍ ሰው ሊሳሳት ይችላል?

አዎ፣ በተለይ ከጅቡቲ ጋር ለሚሠራ ሰው። በፈረንሳይኛ ሰነድ ነጠላ ሰረዝ የሚለየው አሥረኛን እንጂ ሺህን አይደለም፤ «720,720» እዚያ ሰባት መቶ ሃያ ነጥብ ሰባት ሁለት ነው። ሺህ የሚለየው በባዶ ቦታ ነው፦ 720 720። ስለዚህ በደረሰኝና በዕቃ ዝርዝር ላይ መጠኑን በፊደልም ጻፉ፦ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ።

ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም ይጠንቀቅ። ቁጥሩ በሁለትዮሽ 10101111111101010000 ነው፤ 20 ቢት ይፈጃል፤ ስለዚህ 16 ቢት ውስጥ አይገባም። 32 ቢት ውስጥ ይገባል፤ በራሱ ሲባዛ ግን 519,437,318,400 ስለሚሆን ሞልቶ ይፈስሳል፣ የተሳሳተ መልስም ይሰጣል። መጨረሻው ላይ ያሉት አራት ዜሮዎች የ2⁴ ምልክት ናቸው።

ከሱ በፊትና በኋላ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው?

አይደሉም፤ ብዙ ሰው ግን ናቸው ብሎ ይገምታል። ግምቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፦ 720,719 እና 720,721 ለ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ሊካፈሉ አይችሉም፤ ምንጊዜም 1 ይጎድላል ወይም 1 ይተርፋል። ይህ ግን እስከ 13 ያሉትን ብቻ ነው የሚያስወጣው። ፍለጋው እስከ 848 መቀጠል አለበት። ሲቀጥል 720,719 = 31 × 67 × 347፣ 720,721 = 71 × 10,151 ሆኖ ይገኛል።

ከሱ ያነሰ ሆኖ 240 ወይም ከዚያ በላይ አካፋይ ያለው ቁጥር አለ?

የለም። ከሱ በታች ካለ ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ብዙ አካፋይ ያለውን ቁጥር ሕንዳዊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1915 ባሳተመው ጥናት በሰፊው መርምሮታል። ከ1 ጀምሮ ሲቆጠር 720,720 በእንዲህ ዓይነቶቹ ቁጥሮች ዝርዝር 38ኛ ነው። ከፊቱ ያለው 665,280 ሲሆን 224 አካፋይ አለው፤ ቀጥሎ የሚመጣው 1,081,080 ደግሞ 256።

ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት አርቢዎቹ ከትንሹ ብቸኛ ቁጥር ወደ ትልቁ ሲኬድ መጨመር የለባቸውም፦ የእኛ 4፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። 2² × 3⁴ እና 2⁴ × 3² እኩል 15 አካፋይ አላቸው፤ የመጀመሪያው ግን 324፣ ሁለተኛው 144 ነው። ብዛቱ ሳይቀንስ ቁጥሩን ማሳነስ ከተቻለ የመጀመሪያው ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህ ሁኔታ ያስፈልጋል እንጂ አይበቃም። 360,360 አርቢዎቹ 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1 ሆነው በደንቡ ቢሰለፉም፣ 332,640 ከሱ አንሶ እኩል 192 አካፋይ ስላለው ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

ሌሎች ምድቦችስ?

ፍጹም ካሬ አይደለም፤ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ጥንድ የላቸውም። ካሬ እንዲሆን በ5,005 መባዛት አለበት፤ ያኔ የ60,060 ካሬ ይሆናል። የአሃዞቹ ድምር 18 ነው፣ ለ18ም ይካፈላል (40,040)፤ ሕንዳዊው ካፕሬካር እንዲህ ዓይነቱን «ሀርሻድ» ብሎታል። ከ1 እስከ 720,720 ካሉት ውስጥ ከሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የማይኖራቸው 138,240 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 19 ገደማ። ከሱ የማይበልጥ ማንኛውም ቁጥር ደግሞ የተለያዩ አካፋዮቹ ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ባቡሩ ድሬ የደረሰበት 1902 እ.ኤ.አ. ለምሳሌ 1,820 + 80 + 2 ነው፤ ሦስቱም አካፋዮቹ ናቸው።

አካፋዮቹ ሁሉ ቢደመሩስ?

ራሱን ጨምሮ 3,249,792። አሠራሩ ይህ ነው፦ (1+2+4+8+16) × (1+3+9) × (1+5) × (1+7) × (1+11) × (1+13)፣ ማለትም 31 × 13 × 6 × 8 × 12 × 14። ራሱ ሲቀነስ 2,529,072 ይቀራል፤ ከራሱ ስለሚበልጥ ትርፍ ቁጥር ይባላል። ድምሩ ለቁጥሩ ሲካፈል 4.509 ገደማ ነው።

ይህ 4.509 ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1984 ፈረንሳዊው ጊ ሮባን ለእንዲህ ዓይነቱ ውጤት አንድ ጣሪያ አስቀመጠ። የቁጥሩን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (በካልኩሌተር ላይ ln የሚለውን) ውሰዱ፤ የተገኘውን እንደገና የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ውሰዱ፤ በ1.78107 አባዙ። ለ720,720 መጀመሪያ 13.488፣ ከዚያ 2.602፣ በመጨረሻ 4.634 ይመጣል። 4.509 ከጣሪያው በታች ነው። ለ5,040 ግን ጣሪያው 3.817፣ የአካፋዮቹ ድምር ለቁጥሩ ሲካፈል 3.838 ነው፤ ያልፈዋል። ሮባን ያረጋገጠው፣ ከ5,040 በላይ ጣሪያውን የሚነካ ወይም የሚያልፍ አንድም ቁጥር ከሌለ የሒሳብ ሊቁ በርንሃርት ሪማን በ1859 ከብቸኛ ቁጥሮች አደላደል ጋር በተያያዘ ያቀረበው ግምት እውነት እንደሆነ፣ አንድ እንኳ ከተገኘ ደግሞ ሐሰት እንደሆነ ነው። ጣሪያውን ለመንካት የሚቀርቡት እንደ 720,720 አካፋያቸው የበዛ ቁጥሮች ናቸው። እስከዛሬ ከ5,040 በላይ የነካ አልተገኘም፤ እንደማይገኝም ያረጋገጠ የለም።